ግሽ ዓባይ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም፦ የምዕራብ ጎጃም የመስህብ ስፍራዎች

የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟ በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው።

ቡሬ
ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት የንግድ ከተማ ናት። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. አርበኞችና የጌዴዎን ጦር በአካባቢዋ ከፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት ጋር ተዋግተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከስደት ሲመለሱ በጎጃም አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገብተዋል።

ግሽ ዓባይ
በሰከላ ወረዳ ከግሽ ተራራ ሥር የምትፈልቅ አነስተኛ ምንጭ ናት። ውኃዋ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ዓባይም ከጣና ይወጣል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎብኝተዋታል። ምንጯ ከጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም ጋር የተያያዘች ጠበል በመሆኗ ምእመናን ለመጠመቅ ይመጣሉ።

ለጎብኚዎች
• ወደ ሰከላ የሚወስደው መንገድ ከዋናው አስፋልት ቲሊሊ ላይ ይገነጠላል።
• ወደ ጠበሉ የሚቀርብ ሰው ምግብ ሳይቀምስ እንዲመጣ የቦታው ሥርዓት ይጠይቃል፤ ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋዮች ማስፈቀድ ተገቢ ነው።
• ሳሙናም ሆነ ፕላስቲክ በምንጩ አካባቢ መጣል አይገባም፤ ውኃው ለታችኛው ተፋሰስ ነዋሪም መጠጥ ነውና።
• ከጉዞ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ከዞኑ ወይም ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።