ከመቃብር ሐውልት ወደ አክስለሮግራፍ፦ የርዕደ መሬት ልኬት ታሪክ



እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1891 የጃፓንን የሚኖና የኦዋሪን አውራጃዎች ርዕደ መሬት ካወደማቸው በኋላ፣ ጆን ሚልንና ፉሳኪቺ ኦሞሪ ካማከሯቸው ምስክሮች መካከል የመቃብር ሐውልቶች ይገኙ ነበር። የዘመኑ ሴይስሞግራፎች ለብርቱ ንቅናቄ አልተሠሩም፤ ስለዚህ የወደቀው ድንጋይ ወርድና ቁመት ተለካ። ስሌቱ ቀላል ነው። ወርዱ የቁመቱ ሩብ የሆነ ሐውልት እንዲወድቅ የመሬቱ አክስለሬሽን፣ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን፣ የስበትን ሩብ ማለፍ አለበት። ስሌቱ ንቅናቄው ምን ያህል እንደቆየ አይጠይቅም፤ ይህ ጉድለቱ ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

አክስለሬሽን ለምን ተመረጠ? ወፍራም ግንብ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት እንደ ረጅም ሕንፃ አይወዛወዝም፤ ከመሬቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ ይነቃነቃል። የሚያርፍበት የጎን ኃይል ግዝፈቱ በመሬቱ አክስለሬሽን ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ግትር መሣሪያም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ቶሺካታ ሳኖ ይህን ሐሳብ የሕንፃ ነዳፊዎች መመሪያ አደረገው፤ ከካንቶው እልቂት በኋላም የጃፓን ደንብ በ1924 ሕንፃዎች ከክብደታቸው አንድ አሥረኛ የሚሆን የጎን ኃይል እንዲችሉ አዘዘ።

አንድ አሥረኛው ግን በመሣሪያ የተለካ ቁጥር አልነበረም። ልኬቱ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። በ1932 የአሜሪካ የባሕር ዳርቻና የጂኦዴሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት አክስለሮግራፎችን ተከለ፤ በማርች 10 ቀን 1933 የሎንግ ቢች ርዕደ መሬት ደረሰ። መሣሪያዎቹ የሚነሡት በንቅናቄው ራሱ ስለነበር የመጀመሪያዋ ቅጽበት አመለጠቻቸው። በርካታ የጡብ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። ሰዓቱ ለአሥራ ሁለት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ስለነበር ልጆቹ በክፍላቸው አልነበሩም። ግዛቲቱ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የትምህርት ቤት ግንባታን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣች።

በ1940 በኤል ሴንትሮ የተመዘገበው ንቅናቄ ከስበት አንድ ሦስተኛ ገደማ ደረሰ፤ ለአሥርት ዓመታትም የነዳፊዎች ዋቢ ሆኖ ኖረ። በ1966 በፓርክፊልድ ግማሽ ስበት ተመዘገበ፤ ጉዳቱ ግን እጅግ ጥቂት ነበር፣ ብርቱው ንቅናቄ አጭር ነበርና። እንደ እኔ ግምት አክስለሬሽን የነገሠው ርዕደ መሬትን ከሁሉ አብልጦ ስለሚገልጽ አይደለም፤ ነዳፊው ወዲያው ወደ ኃይል ሊለውጠው ስለሚችል ነው።

የእኛም የሕንፃ ኮድ አገሪቱን በቀጠና የሚከፍለው በዚሁ ልኬት ነው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሡት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ላይ ይበልጥ የተሰሙት ፎቅ ላይ ለነበሩ ነዋሪዎች ነው። ያ ዝግተኛ ውዝዋዜ የረጃጅም ሕንፃዎች ጉዳይ ነው፤ ለምንጩ የቀረበውን የድንጋይ ግንብ የሚያሰጋው ሌላ ንቅናቄ፣ የሚለካውም በሌላ ቁጥር ነው።