ቲሬስያስ፤ ከቴቤስ እስከ ሰበታ



ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ለክፍላችን የተሰጠው ሥራ፣ ከጥንት ታሪክ ወይም ከጥንት ተረት አንድ ሰው መርጦ በእኛ አካባቢ እንደ ኖረ አድርጎ መጻፍ ነበር። እኔ የመረጥሁት ቲሬስያስ የተባለውን የግሪኮች ዐይነ ስውር ባለ ራእይ ነው። በረቂቄም ላይ ከሰበታ በላይ በሚታየው በወጨጫ ተራራ አኖርሁት። ዐይኖቹ በሌሊት እንደ ፋኖስ ያበራሉ፤ በትሩን ባነሣ ጊዜ መብረቅ ይወርዳል፤ ያልተነገረውን ሁሉ ያውቃል። እኛ ወጣቶች በምንወዳቸው የምትሐት መጻሕፍትና ፊልሞች እንዲህ ያለ ሰው ስለማይጠፋ፣ ያማረ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ረቂቁን ያነበብሁላቸው ለጎረቤታችን ነው። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ዐይናቸውን ያጡና በሰበታ በሚገኘው በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «መንገድ ላይ ቦይ ሲኖር ያ በትር ይነግረዋል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ እርሱን አላሰብሁትም» አልኋቸው።

«እንግዲያው መብረቅ ሰጠኸው እንጂ በትር አልሰጠኸውም» አሉኝ።

በዚህች ንግግር ምክንያት ረቂቄን አስቀምጬ የቲሬስያስን ታሪክ ከሥሩ መመርመር ጀመርሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው።

ስለ ቲሬስያስ ከሚናገሩት ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ የሚባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ግድም እንደ ተደረሰ የሚገመተው የሆሜር ኦዲሴ ነው። በዚያ መጽሐፍ ንጉሥ ኦዲሴዎስ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ለማወቅ ወደ ሙታን አገር ወርዶ የቲሬስያስን ነፍስ ያነጋግራል። ሌሎቹ ሙታን እንደ ጥላ ሲንከራተቱ፣ አእምሮው እንዳለ የቀረው እርሱ ብቻ ነው። በእጁም የወርቅ በትር ይዟል፤ ይኸውም የክብር ምልክት ነው እንጂ መብረቅ የሚያወርድ አይደለም። ለኦዲሴዎስ የሚነግረውም ምክር ነው፤ የፀሐይን አምላክ ከብቶች እንዳይነካ ያስጠነቅቀዋል። ቀጥሎም የባሕሩን አምላክ የጶሲዶንን ቁጣ ለማብረድ፣ መቅዘፊያውን በትከሻው ተሸክሞ ባሕርን የማያውቅ ሕዝብ ወዳለበት አገር እስኪደርስ እንዲጓዝ ያዘዋል። እዚያም አንድ መንገደኛ መቅዘፊያውን የእህል ማዝሪያ ነው ብሎ ሲጠራው መሥዋዕት አቅርቦ ይመለሳል።

ይህን ሳነብ የአባቴ ወንድም በሱሉልታ አውድማ ላይ ገብስ በላይዳ ወደ ነፋስ ሲበትኑ ታዩኝ። በእውነትም ባሕርን ያላየ ሰው መቅዘፊያ ቢያሳዩት ላይዳ ነው ከማለት በቀር ምን ሊል ይችላል? ከዚህም በቀር ኦዲሴ ሲጀምር ይኸው ጶሲዶን በኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ እንደ ሄደ ይናገራል። ሆሜር ኢትዮጵያውያን የሚላቸው በዓለም ዳር የሚኖሩትን ሕዝቦች ስለሆነ የዛሬዋን አገራችንን ለይቶ ጠርቷል ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ቲሬስያስን ወደዚህ ማምጣቴ ፈጽሞ ያለ ቦታው እንዳልሆነ ተሰማኝ።

ከሆሜር ብዙ ዘመን በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ የአቴንስ ሰው ሶፎክሊስ ቲሬስያስን በቴአትር መድረክ ላይ አቆመው። በኤዲፐስ ቴአትር የቴቤስ ከተማ በቸነፈር ተመታለች። ንጉሥ ኤዲፐስ የመዓቱን ምክንያት እንዲነግረው ባለ ራእዩን ያስጠራዋል። ሽማግሌው በአንድ ትንሽ ልጅ እየተመራ ይመጣል። እውነቱን ስለሚያውቅ መናገር አይፈልግም፤ ወደ ቤቱ እንዲመልሱት ይለምናል። ንጉሡ ግን ይቆጣል፤ ጉቦ በልተህ ነው ይለዋል፤ በዐይነ ስውርነቱም ይሰድበዋል። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው የከተማዋ ርኩሰት ንጉሡ ራሱ መሆኑን በፊቱ ይነግረዋል፤ ዐይን እያለው የማያይ ማን እንደሆነም ያሳየዋል። አንቲጎን በተባለው ቴአትርም ንጉሥ ክሬዎን ሬሳ እንዳይቀበር በማዘዙ ቲሬስያስ ቀርቦ ይገሥጸዋል።

ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ሶፎክሊስ ለቲሬስያስ ንጉሥን የሚያስፈራራበት አንዲት ምትሐት እንኳ አልሰጠውም። ንጉሡ ወታደር አለው፤ ሽማግሌው ግን ያለው አንድ ልጅና እውነት ብቻ ነው። በትሩ መብረቅ የሚያወርድ ቢሆን ኖሮ በንጉሥ ፊት እውነት መናገሩ ምን ያስደንቅ ነበር?

የበትሩን ታሪክ ግልጥ አድርጎ የነገረን ሦስተኛው ደራሲ ካሊማኮስ ነው። እርሱም በአፍሪካ ምድር በቀሬና ተወልዶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረ ባለቅኔ ነው። እንደ እርሱ አተራረክ ወጣቱ ቲሬስያስ ከአደን ሲመለስ ውሃ ጠምቶት ወደ ምንጭ ይወርዳል። በዚያም አቴና የተባለችውን አምላካቸውን ስትታጠብ ሳያስበው ያያታል፤ ዐይኑም ወዲያው ይጠፋል። እናቱ የአቴና ባልንጀራ ነበረችና አምርራ ታለቅሳለች። አቴናም የተፈረደውን መመለስ እንደማይቻላት ነግራ፣ ስለ ካሣው ስጦታ ትሰጠዋለች። ይኸውም የወፎችን ነገር እንዲለይ፣ ረጅም ዕድሜ እንዲኖር፣ ከሞተም በኋላ አስተዋይነቱ እንዳይጠፋ፤ ከእነዚህም ጋር እግሩን የሚመራ ትልቅ በትር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ጎረቤታችን ትክክል ነበሩ። ካሊማኮስ የሚነግረን በትር ስለ ቦይና ስለ ድንጋይ የተሰጠ በትር ነው።

ዛሬም ደራስያን እነዚህን ሰዎች አልተዉአቸውም። አሜሪካዊው ደራሲ ሪክ ሪዮርዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው የወጣቶች ልብ ወለድ፣ ፊኔዎስ የተባለውን ሌላውን የግሪክ ዐይነ ስውር ባለ ራእይ በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ እንደሚኖር አድርጎ ጽፎታል። የጥንቱን ሰው ወደ አዲስ አገር ማምጣት ነውር አይደለም፤ ሶፎክሊስም ካሊማኮስም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጥያቄው ስናመጣው ምን እንጨምርበታለን፣ ምንስ እናጎድልበታለን የሚለው ነው።

በአገራችንም የትንቢት ነገር እንግዳ አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ የተነገረ በመሆኑ፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በፊንፊኔ ሜዳ ከዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ፣ የልጅ ልጃቸው በዚያ ስፍራ ከተማ እንደሚሠራ ተናገሩ ተብሎ ይተረካል፤ አዲስ አበባም በዘመነ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። በወሎ ደግሞ የሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥሞች ስለ ነገሥታት መነሣትና መውደቅ እየተናገሩ በቃል ሲወርዱ ሲዋረዱ ቆይተው በመጽሐፍ ታትመዋል።

የታሪክ ተማሪ ግን እነዚህን ሲያነብ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ትንቢት ከተፈጸመ በኋላ ሲነገር ይጣፍጣል፤ ለባለ ዙፋን የሚስማማው ትንቢትም ካልተስማማው ይልቅ ጠባቂ ያገኛል። ቲሬስያስን የሚለየው ዙፋንን የማያስደስተውን በመናገሩ ነው።

የትንቢት ቃል ሰውን እንዴት እንደሚያስጨንቅ በቴአትር ካሳዩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው። በቡራዩ በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደሚወስድበት ወደ አምቦ አጠገብ፣ በቦዳ ተወልደው በ1998 ዓ.ም. ያረፉት እኒህ ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት ቴአትር ከኦዳ ዛፍ ሥር የሚነገረውን የትንቢት ቃል መሠረት አድርገዋል። ቃሉ የአንድ ወጣት የበኵር ልጅ መሥዋዕት እንዲሆን ያዛል፤ ወጣቱም ልጅ እንዳይወለድ ብሎ ከሚስቱ ይርቃል። መከራውም ከዚያ ይጀምራል። እንግዲህ ትንቢት ንጉሥን ሊገሥጽ እንደሚችል ሁሉ፣ ምስኪኑንም ሊያስር ይችላል ማለት ነው።

እኔንም ያስቸገረኝ የመጀመሪያ ነገር ለቲሬስያስ የሚገባውን የአማርኛ ስም ማግኘት ነበር። ነቢይ ብለው የቅዱሳት መጻሕፍትን ሰዎች ስም መውሰድ ሆነብኝ። ጠንቋይ ብለው፣ በእኛ ሰፈር ጠንቋይ የሚባለው ገንዘብ እየተቀበለ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ የሚያጣላ ነው እንጂ እውነት ተናግሮ የሚሰደብ አይደለም። በመጨረሻ ባለ ራእይ አልሁት። ስሙን ስመርጥም አሳቤ ተለወጠ፤ ኃይሉን ማስፋት ትቼ ጠባዩን መፈለግ ጀመርሁ።

ያገኘሁትን ሁሉ ለጎረቤታችን ነገርኋቸው። ስለ በትሩ ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «እኔን መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሳልለምነው ሳንቲም በእጄ ያስቀምጥልኛል። ሁለተኛው፣ ላንተ ዓይነቱ ይገለጥለታል እያለ ልጁ ፈተና ያልፍ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ከሁለቱ አንዱም ምን እንደተማርሁ ጠይቆኝ አያውቅም። ያንተ ባለ ራእይም ለሁለተኛው ሰው የተጻፈ ነበር።»

በዚህ ንግግር አፈርሁ። ምክንያቱም እኔም ጎረቤታቸው ሆኜ ስኖር እንዴት እንደሚያነቡ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄአቸው አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም መጽሐፋቸውን አውጥተው ጣቴን በነጥቦቹ ላይ አስኬዱት።

ይህ ጽሕፈት ብሬል ይባላል። የፈለሰፈው በ1809 እ.ኤ.አ. የተወለደው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ሲሆን፣ በሕፃንነቱ ዐይኑን ያጣ ነበር። የአጻጻፉን ዘዴ በ1829 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዘዴው በስድስት ነጥቦች የተመሠረተ ሲሆን፣ ከስድስቱ የሚወጡት ምልክቶች 63 ናቸው። የእኛ ፊደል ደግሞ ከእነዘሩ ከ200 በላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ምልክት ሊበቃ አይችልም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ዋናው ፊደል ይጻፍና ድምፁን የሚለውጠው ምልክት ይከተለዋል። የእኔ ጣት ግን አንዱን ነጥብ ከሌላው መለየት አቃተው። የእርሳቸው ጣት በዓመታት ትምህርት የተገራ ነው። እኔ ምትሐት ነው ብዬ ላልፈው የነበረው ነገር ድካምና ትምህርት ነበር።

ከዚህ በኋላ ተረቱን እንደገና ጻፍሁት። አዲሱ ቲሬስያስ በሰበታ ይኖራል፤ ዐይኑ አያበራም፤ በትሩም ቦዩን ይነግረዋል። ምትሐት ፈጽሞ አልነፈግሁትም፤ ካሊማኮስ እንደ ተረከው የወፎችን ቋንቋ ይሰማል። አንድ ቀን የአገሩ ገዥ ምንጩ ሁሉ ለምን እንደ ደረቀ እንዲነግረው ያስጠራዋል። ባለ ራእዩ በአንድ ልጅ እየተመራ በቡራዩ በኩል ወደ ገፈርሳ ውሃ ይሄዳል። ዛሬ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ በሚሰጠው በዚያ ስፍራ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘውና ክንፉ ሰማያዊ የሆነው ዝይ ይታያል። ዝዮቹም ያዩትን ይነግሩታል። እርሱም ተመልሶ፣ ውሃውን ከላይ ገድቦ ያስቀረው የገዥው የራሱ ቤት መሆኑን በአደባባይ ይናገራል። ገዥው ይሰድበዋል፤ ያስወጣዋል። ኋላ ግን እውነቱ ሲገለጥ ግድቡን አፍርሶ፣ በገፈርሳ ላይ ይዝናናበት የነበረውን የጀልባ መቅዘፊያ ተሸክሞ በእግሩ ይጓዛል። በሱሉልታ አውድማ ላይ አንድ ገበሬ «ጌታዬ፣ ይህ ምን ዓይነት ላይዳ ነው?» ሲለው፣ መቅዘፊያውን መሬት ላይ አኑሮ ገብሱን አብሮ ይበትናል።

አዲሱን ተረት ለጎረቤታችን ባነበብሁላቸው ጊዜ አንድ እርማት ብቻ ሰጡኝ። «የሚመራው ልጅ ስም የለውም፤ ስም ስጠው» አሉኝ። ሶፎክሊስም ለዚያ ልጅ ስም አልሰጠውም ነበርና ነገሩ አስገረመኝ። እኔ ግን ሰጥቼዋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ! የሩቅ አገር ተረት ስታነቡ ወደ ሰፈራችሁ አምጡት፤ ይህ መልካም ሥራ ነው። ዳሩ ግን ተረቱ የሚነካው ሰው በሰፈራችሁ ካለ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት። እኔ ያጠፋሁት ሳልጠይቅ መጻፌ ነው፤ የተማርሁትም ከጠየቅሁ በኋላ ነው።