ከለገሃር እስከ ፕረዘንቴሽን

በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ነገር ነው። ስብሰባው በአማርኛ ሲሆን ሁሉም ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ይቀልዳል። አንድ ፈረንጅ ገብቶ የተቀመጠ ዕለት ግን ክፍሉ ሌላ ይሆናል። ሥራውን ጥርት አድርጎ የሚያውቀው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ሥራውን በግማሽ፣ ቋንቋውን ግን በሙሉ የሚያውቀው መድረኩን ይረከባል። ዕድገቱም፣ የውጭ ጉዞውም፣ «ጎበዝ ልጅ» መባሉም ወደ ተናጋሪው ይሄዳል። ዝም ያለው ከስብሰባው በኋላ ማኪያቶውን ይዞ ያንኑ ጉዳይ በአማርኛ ሲተነትነው ብትሰሙት አፍ ያስከፍታል።

ይህን የስንፍና ጉዳይ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። «ይህን ያህል ዓመት በእንግሊዝኛ ተምራችሁ እንዴት መናገር ያቅታችኋል?» ይሉናል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ስለ ፈረንጅ አፍ እያወራን ነውና ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንያዛቸው።

ሲጀመር፣ የመጀመሪያው የቢሯችን የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ አልነበረም። «ቢሮ» የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ለገሃርም እንዲሁ፤ ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ይሉታል። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1925 የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ለፈረንሳይኛ ትልቅ ቦታ ነበራቸው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡርም የሚተዳደረው በፈረንሳዮች ነበር። ያኔ «የተማረ» ማለት በአመዛኙ ፈረንሳይኛ የሚናገር ማለት ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በየካቲት 1937ቱ ጭፍጨፋና በተከታዮቹ ወራት ከእነዚህ ምሁራን ብዙዎቹ ተገደሉ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ ቋንቋውን ጋራዥ ውስጥ ትቶልን ሄደ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን። ልብ በሉ፣ እነዚህን ቃላት ማንም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላስተማረንም። ሥራው ላይ ስለተነገሩ ብቻ ምላሳችን ላይ ቀሩ።

እንግሊዝኛ ተራው የደረሰው በ1941 ነው። የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ ጣሊያንን ሲያስወጣ አማካሪው፣ መምህሩና የመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነ። በ1943 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ፣ በ1946 ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 ሥራ ሲጀምር መሪው ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነው፤ ኮሌጁ ግን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር።

አባቶቻችን «የድሮ ተማሪ እንግሊዝኛ ያውቃል» ሲሉ ይህንን ዘመን ማለታቸው ነው። አልዋሹም። ግን ምሥጢሩ ምን ነበር? እነዚያ ትምህርት ቤቶች አዳሪ ነበሩ፤ ተማሪው ጥቂት ነበር፤ መምህሩ አማርኛ አያውቅም። ልጁ ጨው እንዲያቀብሉት እንኳን ቢፈልግ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ነበረበት። በአጭሩ፣ የሚያናግረው ሰው ነበረው።

ትምህርት ቤቱ ሲበዛ ያ ሰው ጠፋ። በ1962 የአሜሪካ ሰላም ጓድ ከ270 በላይ ወጣት መምህራንን ልኮ ለጥቂት ዓመታት ክፍተቱን ደፈነ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ እነሱም ሄዱ። እንግሊዝኛ ግን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያነቱን አልለቀቀም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተናው ምርጫ ነው። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ፕላዝማ መጣልን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር እንግሊዝኛው ውብ ነው፤ ነገር ግን እጅ ብታወጡ አያያችሁም፣ «አልገባኝም» ብትሉ አይሰማችሁም። የሚናገር እንጂ የማይሰማ አስተማሪ!

ውጤቱን ስብሰባ ላይ እየሰማነው ነው። ከደብዳቤ የተማርነውን ቋንቋ በአፋችን እናነበዋለን። ጓደኛችንን ፊት ለፊት ቁጭ ብለን «ካይንድሊ ቢ ኢንፎርምድ» እንለዋለን። ሰዋስዉ አልጎደለንም፤ የጎደለን መልስ መስጠት ነው። ማቋረጥ፣ አለመስማማት፣ «ቆይ፣ እንደገና በለው» ማለት።

ይህንን የተማሩ ኢትዮጵያውያን አልነበሩም? ነበሩ። አንዱ ቦታ አየር መንገዳችን ነው። በ1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ሲቋቋም አብራሪዎቹም አስተዳዳሪዎቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ በ1971 የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅነት ለኢትዮጵያዊው ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ተሰጠ። አብራሪ በሬዲዮ የታዘዘውን ከፍታ መልሶ በአፉ መናገር አለበት፤ ካልገባው የመጠየቅ ግዴታ አለበት። እዚያ ዝምታ ጨዋነት አይደለም፣ አደጋ ነው።

ሌላው ቦታ የ1960ዎቹ ዩኒቨርሲቲ ነው። የተማሪዎቹ መጽሔት «ስትራግል» ይታተም የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። ዋለልኝ መኮንን በ1969 አገር ያነጋገረውን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፉን ያወጣው እዚያ ላይ ነው። ሐሳቡን እንስማማበት አንስማማበት ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ትውልድ ግን እንግሊዝኛን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለመሟገት ተጠቅሞበታል። ለመሟገት የተጠቀሙበት ቋንቋ ደግሞ የራስ ይሆናል።

ታዲያ እኛስ? የውጭ መምህር እስኪመጣልን አንጠብቅም። ከጋራዡ፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱና ከአብራሪው የምንወስደው አለ። ሁለት ሦስት የሥራ ባልደረቦች በሳምንት አንድ ቀን የምሳ ሰዓታቸውን ስለ ራሳቸው ሥራ በእንግሊዝኛ ለመከራከር ይስጡት፤ ስለ አየር ጠባይ ሳይሆን ስለ ዘገየው ፕሮጀክት። ፕረዘንቴሽን ስትለማመዱ አንዱ በየመሐሉ እያቋረጠ ይጠይቃችሁ፤ ስላይዱን ሸምድዶ የመጣ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ጥያቄ ነውና። ስብሰባ ላይም እንደ አብራሪው የተባላችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ተናገሩ። ይህ አለማወቃችሁን አያሳይም፤ ማዳመጣችሁን ነው የሚያሳየው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሰብሳቢዎች። ከኢትዮጵያ የወጣው እጅግ ዝነኛው ንግግር ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር አዳራሽ የተደረገው ነው። ንጉሡ ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። በ1963 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ሲቆሙም እንዲሁ። ሁለቱንም ጊዜ ዓለም በአስተርጓሚ አዳመጣቸው።

እናም ክፍሉ ውስጥ አንገቱን የደፋውን ልጅ «በአማርኛ ንገረንና እንተረጉምልሃለን» ማለት ውርደት አይደለም። እንግሊዝኛውን ይማር፤ ይከፍለዋል። እስኪማር ድረስ ግን የሚያውቀው ነገር ከስብሰባው ውጭ መቅረት የለበትም። ድልድዩ የት ጋ እንደተሰነጠቀ የሚያውቀው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።