ወለል ላይ የሄደችው ኤሊ

መኪና ሲታጠፍ የውጪኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። ሁለቱ በአንድ ብረት ተጣብቀው እኩል ቢሽከረከሩ አንደኛው መጎተቱ አይቀርም። ይህን ችግር የሚፈታው ዲፈረንሻል ነው፤ ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ሲሞር ፓፐርት ግን የወደደው ገና በሕጻንነቱ ነው። በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ውስጥ የተወለደው ይህ ሰው፣ የሒሳብን ፍቅር ያሳደረበት መምህር ሳይሆን የዲፈረንሻል ጥርስ እንደሆነ ካደገ በኋላ ጽፏል። የማባዛት ሠንጠረዥ እንኳ የገባው ጥርስ ከጥርስ ሲያያዝ እያሰበ ነበር።

ፓፐርት ሒሳብ አጥንቶ፣ ጄኔቫ ውስጥ የልጆችን አስተሳሰብ ይመረምር ከነበረው ከዣን ፒያዤ ጋር ሠርቶ፣ በ1960ዎቹ አሜሪካ ሄዶ ኤም.አይ.ቲ. ገባ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተርን ለትምህርት እናውል የሚሉ ሰዎች በአመዛኙ ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፦ ማሽኑ ይጠይቃል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ማሽኑ ያርማል። እንግዲህ የመምህሩ ቁጣ ብቻ ተቀንሶ ያው የድሮው ክፍል ማለት ነው። ፓፐርት ነገሩን ገለበጠው። አዛዡ ልጁ ይሁን፣ ታዛዡ ማሽኑ! በ1967 ከዋሊ ፎርዛይግ፣ ከሲንቲያ ሰሎሞንና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ አወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ኤሊዋ መጣች። ስሟ የተወሰደው ግሬይ ዋልተር በ1940ዎቹ መጨረሻ ብሪታንያ ውስጥ ከሠራቸው፣ ብርሃን እየተከተሉ ከሚሄዱ ትናንሽ ሮቦቶች ነው። ወለል ላይ በጎማ የምትሄድ፣ ሆዷ ሥር ብዕር የተሰካላት፣ በረዥም ሽቦ ከትልቅ ኮምፒዩተር ጋር የታሰረች ሮቦት ነበረች። ልጁ «ፎርዋርድ 100» ብሎ ሲጽፍ መቶ እርምጃዋን ወደፊት ትሄዳለች፤ «ራይት 90» ሲላት ባለችበት ወደ ቀኝ ትዞራለች። ይህን አራት ጊዜ ካደረገች ወለሉ ላይ ካሬ ተሥሏል።

ጉዱ የሚመጣው ሦስት ማዕዘን ላይ ነው። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ መሆኑን ተምሯልና ልጁ 60 ብሎ ያዛል። ኤሊዋ ሦስት ጎን ሠርታ ሳትገጥም ትቀራለች፤ የተሣለው የባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ግማሽ ነው። ተናደደ እንበል። «እስቲ አንተው ኤሊ ሁን» ይሉታል። ይነሣል፣ ይራመዳል፣ ጥግ ላይ ሲደርስ ይዞራል፤ ገላው የዞረው 60 ሳይሆን 120 መሆኑን ያኔ ያያል። 60ው የቅርጹ ማዕዘን ነው፤ 120ው የተራማጁ መዞሪያ። ይህን ልዩነት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይገባን የሸመደድነው ስንቶቻችን እንደሆንን እንጃ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀይ እስክሪብቶ አለመኖሩ ነው። ስሕተቱ ወለሉ ላይ ተሥሎ ይታያል፤ ይፈለጋል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሞከራል።

ኤሊዋ ውድ ነበረች። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ሲስፋፉ ከወለል ተነሥታ የስክሪን ምስል ሆነች። ፓፐርት በ1980 «ማይንድስቶርምስ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ፤ የአሻንጉሊት ፋብሪካው ሌጎ ከኤም.አይ.ቲ. ጋር ሲሠራ ቆይቶ በ1998 በዚያው መጽሐፍ ስም የሮቦት መሥሪያ ዕቃ ለገበያ አቀረበ፤ በ2022 መጨረሻም ማምረቱን አቆመ። ዋጋው ለእኛ ሀገር ልጅ የሚቀመስ አልነበረም።

ኢትዮጵያ የመጣችው ሌላዋ ኤሊ ናት። ፓፐርት ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት በ2000ዎቹ መጨረሻ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖቹን ወደ አንዳንድ ትምህርት ቤቶቻችን ሲያስገባ፣ ኤሊዋ «ተርትል አርት» በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጣ ነበር። እኔ እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። የስክሪን ኤሊ ምንጣፍ አይዛትም፣ ጎማዋ አይንሸራተትም፣ ተፈትታ አትታይም። ሕጻኑን ፓፐርት የማረከው ግን የሚጨበጥ ብረት ነበር።

ፓፐርት በ2016 አረፈ። ዛሬ በ2005 ጣሊያን ውስጥ የተወለደው አርዱዊኖ የተባለው ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሁለት ትናንሽ ሞተሮች፣ ጎማ፣ ባትሪና አንድ እስክሪብቶ ካሉ የወለሏን ኤሊ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ዲፈረንሻል የላትም። እያንዳንዱ ጎማ የየራሱ ሞተር አለው፤ ስትታጠፍ አንዱ መፍጠን ሌላው መዘግየት አለበት፤ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሰላውም ልጁ ነው።