«ተመልካቹ አልወደደውም» ሲባል፦ የ«ባትማን እና ሮቢን» ፊልም ብያኔ እንደ ታሪክ ምንጭ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



የዛሬው ርእስ ለታሪክ መድረክ ቀለል ያለ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አልስተውም። የሌሊት ወፍ ጭምብል ስላጠለቀ ጀግና፣ ያውም መጥፎነቱ በብዙዎች ዘንድ እንደተረጋገጠ ስለሚቆጠር ፊልም ነው የምናገረው። ነገር ግን እኛ የታሪክ ሰዎች «ሕዝቡ ተቀበለው»፣ «ሕዝቡ አልወደደውም» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮችን በየገጹ እንጽፋለን። ያ ሕዝብ ማን እንደነበረና ምን ምስክርነት ትቶልን እንደሄደ ለመጠየቅ፣ ብያኔው ካበቃለት ጉዳይ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባትማን እና ሮቢን» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተከፈተው ሰኔ 20 ቀን 1997 ነው፤ በእኛ ሰኔ 13 ቀን 1989 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዳይሬክተሩ ጆኤል ሹማከር፣ ባትማን ሆኖ የተወነው ጆርጅ ክሉኒ፣ ባላንጣዎቹ ደግሞ አርኖልድ ሽዋርዜኔገርና ኡማ ተርማን ነበሩ። ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረው ተከታታይ አራተኛ ክፍል ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ የታቀደው አምስተኛ ክፍል ተሰርዞ ባትማን ወደ ሲኒማ የተመለሰው ከስምንት ዓመት በኋላ በ2005 በክሪስቶፈር ኖላን እጅ ነው። በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው፦ ፊልሙ ፌዘኛና የተጋነነ ሆነ፤ ተመልካቹ ተቆጣ፤ ስቱዲዮው ተማረ። እኔ የምጠራጠረው መካከለኛውን ሐረግ ነው።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ዓይነት አሠራር «ካምፕ» ይሉታል። በአማርኛ ፌዝ ብንለው በውስጡ ያለውን ፍቅር እንጥላለን፤ ግነት ብንለው ሳቁን እንጥላለን፤ ለበጣ ብንለው ክፋት እንጨምርበታለን። ስለዚህ ካምፕ እንዳለ ይቆይ። ሱዛን ሶንታግ በ1964 ባሳተመችው የታወቀ ድርሰት ካምፕን ከሁለት ከፍላዋለች፦ ሳያውቀው አስቂኝ የሆነና ሆን ብሎ የሚያስቅ። ለእርሷ የሚጥመው የመጀመሪያው ነበር። ብዙ ሐያስያን የ1997ቱን ፊልም በዚህ መለኪያ ይኮንኑታል፤ ሆን ብሎ ስለሆነ ከሸፈ ይላሉ። ሆኖም ይህ አያስኬድም፤ ምክንያቱም ሆን ተብሎ የተሠራ ካምፕ፣ በዚሁ ገጸ ባሕርይ ላይ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በእጅጉ ተወዶ ነበር።

ጥር 12 ቀን 1966 ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ አዳም ዌስት የተወነበትን «ባትማን» ማሳየት ጀመረ። በጠብ ትዕይንቶቹ መካከል የቡጢው ድምፅ በደማቅ ቀለም ተጽፎ ማያውን ይሞላዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በሳምንት ሁለት ምሽት ይታይ ነበር፤ እስከ መጋቢት 1968 ድረስም 120 ክፍሎች ተላልፈዋል። ሕፃናት እንደ ጀብዱ ያዩታል፤ ወላጆች ከጎናቸው ተቀምጠው ይስቃሉ። አንድ ሥራ ለሁለት ተመልካች፣ በአንድ ሶፋ ላይ።

ሦስተኛ ተመልካች ግን ነበረ። ማይክል ኡስላን የሚባል የኮሚክ መጽሔት ወዳጅ የሆነ ታዳጊ በዚያ የጥር ምሽት ያየው ነገር አስደንግጦት እንደነበር በኋላ ጽፏል፤ ዓለም በሚያከብረው ጀግና እየሳቀ ነበርና። ይህ ልጅ አድጎ በ1979 ከቤንጃሚን ሜልኒከር ጋር የባትማንን የፊልም መብት ገዛ፤ ቲም በርተን በ1989 ያቀናበረው ጨለማ የለበሰ ፊልም የተወለደውም ከዚያ ግዢ ነው። በ1966 የሳቁት ሚሊዮኖች አስተያየት በጊዜው ተበተነ፤ ያልሳቀው የአንዱ ግን ተቋም ሆነ። አስተያየት በታሪክ ውስጥ የሚመዝነው በብዛቱ ሳይሆን በጽናቱ የሆነበት ግልጽ ምሳሌ ይመስለኛል።

የኮሚክ አንባቢውን ጽናት በቁጥር ለማየት የሚያስችል አንድ ያልተለመደ ሰነድ አለን፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። በ1988 ዲሲ ኮሚክስ ሁለተኛውን ሮቢን፣ ጄሰን ቶድን፣ በሕይወት ማቆየት ወይስ መግደል እንደሚሻል አንባቢውን በስልክ አስመረጠ። እያንዳንዱ ጥሪ 50 ሳንቲም ያስከፍላል። ውጤቱ፦ ይሙት ያሉ 5,343፣ ይኑር ያሉ 5,271። በ72 ድምፅ ልዩነት ሮቢን ሞተ። የመጽሔቱ አርታኢ ዴኒስ ኦኒል፣ አንድ ሰው ኮምፒዩተሩን ደጋግሞ እንዲደውል አድርጎ ለሞቱ ብዙ ድምፅ መስጠቱን እንደሰማ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ሰነዱን የምናነብበትን ዓይን ይለውጣል፤ የተቆጠረው ሰው ሳይሆን ጥሪ ነበር። በዚያው ዓመት ማይክል ኪተን ለባትማን መመረጡ ሲሰማ ወደ 50,000 የሚጠጉ የተቃውሞ ደብዳቤዎች ለስቱዲዮው እንደተላኩ በሰፊው ተዘግቧል። ስቱዲዮው ደብዳቤዎቹን አልሰማም። ፊልሙ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ 411 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ተቃዋሚዎቹም ኪተንን ወደዱት።

ስቱዲዮው የሰማው ሌላ ተመልካች ነበር። በርተን በ1992 ያወጣው ተከታይ፣ «ባትማን ሪተርንስ»፣ ለልጆች ከበደ። ማክዶናልድስ የፊልሙን መጫወቻዎች ከልጆች ምግብ ጋር አብሮ ሲያቀርብ ወላጆች ቅሬታ አሰሙ፤ ጭካኔና ጨለማ ለበዛበት ፊልም ሕፃናትን ትጋብዛላችሁ ወይ አሉ። ገቢውም ወደ 267 ሚሊዮን ወረደ። ዋርነር ብራዘርስ በርተንን ወደ አዘጋጅነት አዛውሮ ሹማከርን አመጣ፤ ብርሃንና ቀልድ እንዲጨምርም ፈለገ። የሹማከር የመጀመሪያ ሥራ፣ የ1995ቱ «ባትማን ፎርኤቨር»፣ 336 ሚሊዮን አስገባ። እንግዲህ የ1997ቱ ፊልም ተመልካችን በመናቅ የተሠራ አይደለም። በ1992 የተቆጡትን ወላጆችና በ1995 በገንዘባቸው «እሰይ» ያሉትን ሰዎች ከልብ አዳምጦ የተሠራ ነው። የመጫወቻ አምራቾች በንድፉ ሥራ ቀድመው መግባታቸውን ሹማከር ራሱ አልደበቀም፤ ሮቢን ሆኖ የተወነው ክሪስ ኦዶኔል ደግሞ የ1995ቱ ፊልም እንደ መሥራት፣ ይኸኛው የመጫወቻ ማስታወቂያ እንደ መቅረጽ ሆኖበት እንደነበር ተናግሯል።

ታዲያ ምን ከሸፈ? የእኔን አስተያየት ልንገራችሁ፤ ፊልሙን ለዚህ ንግግር ስል ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁና ቢያንስ በድካሜ መብቱ ይገባኛል። በ1966 አዳም ዌስት የቱንም ያህል የማይረባ ነገር ሲናገር ፊቱ አይፈታም፤ ሳቁን ሙሉ ለሙሉ ለተመልካቹ ይተውለታል። በ1997ቱ ፊልም ባትማን በበጎ አድራጎት ጨረታ ላይ የራሱን ምልክት የያዘ የባንክ ካርድ ከቀበቶው ይመዝዛል፤ ካርዱም የሚያገለግለው «ለዘላለም» ነው። ሽዋርዜኔገር ስለ በረዶ የማይቀልድበት ትዕይንት ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ያው ቀልደኛ በረዶ ውስጥ ለተኛች ሚስቱ ሲያለቅስ፣ ሽማግሌው አሽከር አልፍሬድም በሞት አልጋ ላይ ሆኖ፣ ፊልሙ እውነተኛ እንባ ይጠይቀናል። ስቀን ሳንጨርስ ነው ለቅሶ የምንጠራው። በ1966 ሕፃኑና ወላጁ በአንድ ሶፋ ላይ የየራሳቸውን ያዩ ነበር፤ እዚህ ግን አንዱ ተመልካች ሁለቱንም እንዲሆን ተገደደ።

አሁን ወደ ብያኔው ማስረጃ እንመለስ። በተከፈተ ሦስት ቀን ውስጥ ፊልሙ 42.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። በሁለተኛው ሳምንት ገቢው በ63 በመቶ ወደቀ። ሲኒማስኮር የተባለው ድርጅት በመክፈቻው ምሽት ከአዳራሽ ለሚወጡ ሰዎች ካርድ እያደለ ውጤት ያሰጣል፤ «ባትማን እና ሮቢን» ሲ ፕላስ አገኘ። ለተማሪ ማለፊያ ነው። በመክፈቻ ምሽት የሚመጣ ሰው ግን ሊወደው ተዘጋጅቶ የመጣ በመሆኑ፣ ከእርሱ ሲ ፕላስ መቀበል ለፊልም ሠሪ ክፉ ዜና ነው። እነዚህ ሁለት ምንጮች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ አሜሪካዊው ተመልካች በአብዛኛው አለመደሰቱን አልክድም።

የምክደው ምክንያቱን የሚያስረዳልን ሰው ውክልናውን ነው። በዚያ ዓመት በቴክሳስ የሚኖረው ሃሪ ኖውልስ «ኤይንት ኢት ኩል ኒውስ» በተባለ የኢንተርኔት ገጹ ከሙከራ ትዕይንት የወጡ ሰዎችን ክፉ ዘገባ ቀድሞ አወጣ፤ በኢንዱስትሪው ውስጥም ጣት ተቀሰረበት። የዘመኑን የቤተሰብ ቆጠራ ስናይ ግን በ1997 ኢንተርኔት የነበረው የአሜሪካ ቤተሰብ 18 በመቶ ብቻ ነው። የሁለተኛው ሳምንት ውድቀት የተወራው በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ግቢ ነበር፤ ያ ወሬ ደግሞ አልተጻፈም። የተጻፈው፣ ስለዚህም ለእኛ የደረሰው፣ የኮሚክ ወዳጁ ቁጣ ነው። ያ ቁጣ ጀግናው በቁም ነገር እንዲያዝ የሚሻ፣ የኡስላን የ1966 ድንጋጤ ወራሽ ነበር።

ቁጣው ሁሉ ስለ ፊልም ጥበብም አልነበረም። በጀግኖቹ ልብስ ደረት ላይ የተቀረጹት የጡት ጫፎች የፊልሙ ኃጢአት ሁሉ ምልክት ሆኑ። የ1995ቱን ልብስ ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ እዚያም አሉ። ያን ጊዜ ማንም ፊልሙን በእነርሱ አልሰቀለውም፤ ሲኒማስኮርም ኤ ማይነስ ነበር የሰጠው። ባትማንና ሮቢን አብረው መኖራቸው የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ምሳሌ ነው የሚለው ክስ ከሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርታም የ1954 መጽሐፍ ጀምሮ የቆየ ነው። ሹማከር የራሱን ዝንባሌ ያልደበቀ ሰው ስለነበር፣ ፊልሙ በወደቀ ማግስት አሮጌው ክስ በእርሱ ላይ ተገለበጠ። ስለዚህ በዚህ ክምችት ውስጥ ስለ ሥራው የተሰጠን አስተያየት ስለ ሠሪው ከተሰጠ አስተያየት መለየት የአንባቢው ግዴታ ነው፤ ምንጮቹ ራሳቸው አይለዩትምና።

ከፊልሙ 238 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ ወደ 131 ሚሊዮን የሚሆነው የመጣው ከአሜሪካ ውጭ ነው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የሲኒማስኮር ካርድ ለእነዚያ ሰዎች አልታደለም። ቲኬት ሳይቆርጡ ያዩ ደግሞ አሉ፤ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ሠፈሮች ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የሆሊውድ ፊልም ያየ ሰው በየትኛውም የገቢ መዝገብ ላይ አይገኝም። ቃላቱን ሳይሰማ፣ የበረዶውን ቀልድ ሳይረዳ፣ ቀለሙንና ጠቡን ብቻ የተከታተለ ተመልካች ስለ ካምፕ ምን ይፈርዳል? ትልቁ ግን የዝምታ ክፍል ሕፃናቱ ናቸው። ፊልሙ የተሠራው ለእነርሱ ነው፤ መጫወቻው የተሸጠው ለእነርሱ ነው፤ ስለ 1997 ስንጽፍ ግን የምንጠቅሰው ታላላቅ ወንድሞቻቸውን ነው።

ሹማከር በ2005 በወጣው የዲቪዲ ቅጂ ላይ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ለማን እንደቀረበ ግን እምብዛም አይስተዋልም። በደፈናው ለተመልካች አላቀረበውም፤ «ባትማን ፎርኤቨር»ን ወደው፣ ተከታዩን በጉጉት ጠብቀው ገብተው ላዘኑ ሰዎች ነው ያቀረበው። ከማንኛችንም በላይ ተመልካቹን በትክክል የከፋፈለው እርሱ ይመስለኛል። ሰኔ 22 ቀን 2020 ሲያርፍ ፊልሙን በልጅነታቸው አይተው የወደዱ ሰዎች በአደባባይ መናገር ጀምረው ነበር፤ ያኔ ስድስትና ሰባት ዓመታቸው የነበሩት አሁን ብዕር ይዘዋል። ምስክርነታቸው ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ፣ በናፍቆት የተለወሰ ነው፤ እንደማንኛውም የዘገየ ምስክርነት በጥንቃቄ ይመዘናል። በዚያ ዘመን በቪዲዮ ቤት ወይም በቴሌቪዥን ያየው ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ ከጥያቄዎቹ በፊት የእርሱን ብሰማ ደስ ይለኛል።