ከማሞቂያው በር ወዲህ

«ልጁ ማሞቂያ ገብቷል» ይባላል፤ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ውስጥ የሚሆነውን የምታውቀው ነርሷ ናት። ውጭ የቆመው ወላጅ ወይ ያምናል፣ ወይ ይጠረጥራል።

ሀብታሞቹ አገሮች ለዚህ መፍትሔ ብለው ካሜራ አምጥተዋል። ከሕፃኑ አልጋ በላይ ይሰቀላል፤ ወላጅ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ያያል። በኮቪድ ጊዜ ጠያቂ ሲከለከል ብዙዎችን አጽናንቷል። ለአሶሳስ ይበጃል? ከመመለሴ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

ፓሪስ ውስጥ ታርኒዬ የተባለ ሐኪም የጫጩት መፈልፈያ አይቶ ለሕፃናት የሚሆን ማሞቂያ አሠራ። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሆስፒታል ገባ። የእሱን ፈለግ የተከተለው ቡዳን ግን አንድ ነገር አስተዋለ፦ ከልጃቸው የተለዩ እናቶች ልባቸውም ይርቃል። ስለዚህ እናቶቹ እንዲገቡና እንዲያጠቡ ይመክር ነበር። አሜሪካ ደግሞ ማርቲን ኩኒ የሚባል ሰው ከ1903 እስከ 1943 ድረስ ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ መዝናኛ ውስጥ ሕፃናቱን በመስታወት ውስጥ አድርጎ በ25 ሳንቲም ያሳይ ነበር። ብዙ ሕፃናት እንዳተረፈ አይካድም፤ ቢሆንም ቲኬት ቆርጦ የሚያያቸው ሕዝቡ ነበር።

በ1978 ቦጎታ ላይ፣ ማሞቂያ ሲያጥርና ኢንፌክሽን ሲበረታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ አስተኛው። እኛ «ካንጋሮ» የምንለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ይመጣል፤ ስሙ ግን ብዙም አይነሳም። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ጥቁር አንበሳ ውስጥ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ፣ ገና ሳይረጋጉ፣ ለእናቶቻቸው ሰጡ። በ2005 በታተመው ጥናት በካንጋሮ ከተያዙት 22.5 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶ ሞተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች የሠራው ትልቅ ጥናት ተመሳሳይ ነገር ያረጋገጠው በ2021 ነው።

አሁን ወደ አሶሳ። ከካማሺ በወለጋ በኩል ዞራ የመጣች እናት፣ ወይም ሩጣንኛ ብቻ የምትናገር የሸርቆሌ ሴት አስቡ። በጉሙዝ ልማድ ደግሞ ሴት ከቤት ርቃ ጫካ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ትወልድ ነበር፤ ልጇን የሚነካባት ባዳ አልነበረም። ለእነዚህ እናቶች ስክሪኑ ምን ይነግራቸዋል? አፍንጫው ውስጥ ቱቦ ያለበት ሕፃን ያሳያል፤ ቱቦው ለምን እንደገባ አያስረዳም። ነርሷ ለደቂቃ ዞር ስትል ያሳያል፤ ሌላ ሕፃን እያስተነፈሰች መሆኑን አያሳይም። ያልተብራራ ምስል ጥርጣሬን ያሳድጋል እንጂ አያጠፋም።

እኔ ብጠየቅ ለካሜራው ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ለእናትየው አልጋ፣ ቋንቋዋን የሚችል አስተርጓሚ፣ ለነርሷም አጋዥ ባልደረባ አስቀድማለሁ። ካሜራው የሚጠቅመው ሰው የለም ማለቴ ግን አይደለም። እርሻውን ጥሎ መምጣት ያልቻለ አባት አለ። በኦፕራሲዮን ወልዳ ሌላ ክፍል የተኛች እናትም አለች። ለእሷ ነርሷ በስልክ የቀረጸችው የአስር ሰከንድ ቪዲዮም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በተለይ ነርሷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ቱቦውን እያሳየች «ይቺ ለትንፋሹ ናት» ካለቻት።