ሙቀትና የክንፍ ቅርጽ

የአውሮፕላን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከፍተኛውን ክፍል ወደ ሥራ ሳይለውጥ በሙቀት መልክ እንደሚያባክን ለሙያ ባልደረቦቻችን የተሰወረ አይደለም። በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ይህን ሙቀት የሚያስወግደው ራዲያተር ከአካሉ ወደ ውጭ ሲንጠለጠል ነፋሱን ስለሚገታ ፍጥነትን ይቀንሳል። በመሆኑም በ1920ዎቹ ክንፉን ራሱን ራዲያተር የማድረግ ሐሳብ በሥራ ላይ ዋለ።

እ.ኤ.አ. በ1925 ጄምስ ዱሊትል በባልቲሞር የሽናይደርን ዋንጫ ያሸነፈበት የከርቲስ አውሮፕላን ክንፎች ውሃ በሚያልፍበት ስስ የናስ ልባስ የተሸፈኑ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሬጂናልድ ሚቸል ሐሳቡን እጅግ አራመደው። በ1931 ዋንጫውን ለአገሩ ያስቀረው ሱፐርማሪን ኤስ 6 ቢ የክንፎቹና የተንሳፋፊዎቹ ገጽ ውሃውን፣ የአካሉ ጎን የሞተሩን ዘይት ያቀዘቅዝ ነበር። በዚያው ዓመት በሰዓት ከ650 ኪሎሜትር በላይ በርሮ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ይሁን እንጂ ትርፉ ከየት እንደመጣ መለየት ይገባል። የሞቀ ገጽ በራሱ የአየርን ተቃውሞ አይቀንስም፤ እንዲያውም ከክንፉ ጋር ተያይዞ የሚፈስሰውን ስስ የአየር ንጣፍ ወደ ሁከት ያዘነብለዋል። ፍጥነቱ የተገኘው ተንጠልጣዩ ራዲያተር ተወግዶ ቅርጹ ንጹሕ በመሆኑ ነው።

ለእሽቅድምድም የተስማማው ዘዴ ለጦርነት አልተስማማም። በ1939 በሰዓት 746 ኪሎሜትር የበረረው የጀርመኑ ሃይንከል 100 ከሞተሩ የወጣውን እንፋሎት በክንፉ ልባስ ውስጥ አቀዝቅዞ ወደ ውሃ እንዲመልስ የተነደፈ ነበር። በዚያ ሰፊ ገጽ ላይ ያረፈ አንድ ጥይት ግን ሞተሩን ያለ ማቀዝቀዣ ሊያስቀረው ይችላል፤ ጥገናውም አድካሚ ነው። የሞተር እጥረትም ተጨምሮበት በብዛት ሳይመረት ቀረ። ቀደም ሲል በ1935 እንግሊዛዊው ሜሬዲት፣ ራዲያተሩ በሚገባ በተነደፈ የአየር መተላለፊያ ውስጥ ቢቀመጥ ተቃውሞው በእጅጉ እንደሚቀንስ በስሌት አሳይቶ ነበር። የአሜሪካው ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

ሙቀት ከክንፍ ጋር የነበረው ግንኙነት ግን በዚህ አልተቋረጠም። በደመና ውስጥ በክንፍ ግንባር ላይ የሚጋገር በረዶ ቅርጹን ያበላሻል፤ የማንሳት ኃይሉን ይቀንሳል፤ ብዙ ሕይወትም አጥፍቷል። በአሜሪካ የአየር በረራ ምርምር ኮሚቴ ባልደረባ የነበረው ሉዊስ ሮደርት ከሞተሩ በሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ አየር አሙቆ በክንፉ ግንባር ውስጥ በማሳለፍ በረዶውን የሚከላከል ዘዴ አዳበረ። ዘዴው በሎክሂድ 12 ኤ አውሮፕላን ላይ በእውነተኛ በረራ ተፈተነ፤ ሮደርትም የ1946ን የኮልየር ሽልማት አገኘ።

ዛሬ አብዛኞቹ የጄት መንገደኛ አውሮፕላኖች ለዚሁ ተግባር ከሞተሩ መጭመቂያ ክፍል የተወሰደ ትኩስ አየር ይጠቀማሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ የክንፉን ግንባር የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ ነው።

እንግዲህ በሁለቱም ዘመን ሙቀት ያገለገለው የክንፉን ቅርጽ ንጽሕና ነው። ልዩነቱ የሚታየው ብልሽት ሲደርስ ነው፦ በሃይንከሉ ልባስ ሲቀደድ ሞተሩ ይጠፋል፤ በሮደርት ዘዴ ቧንቧው ቢያፈስ አብራሪው ከደመናው ለመውጣት ጊዜ ይኖረዋል። ንድፍ ስንመረምር ከሚሰጠው ጥቅም እኩል፣ ሲበላሽ ምን እንደሚወስድ መጠየቅ የሙያችን ግዴታ ነው።